መርዶ የዘገየበት ቤት

በ1970 ዓ.ም.፣ በደርግ የቀይ ሽብር ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ማን እንደሚለቀስለትና ማን እንደማይለቀስለት የሚወስነው ቀበሌ ነበር። በጦር ግንባር የወደቀ ወታደር ይለቀስለታል። ደርግን በሚቃወመው በኢሕአፓ ጥይት የሞተ የቀበሌ ሹም በሰልፍና በመፈክር ይቀበራል። «አናርኪስት» ተብሎ የተገደለ ልጅ እናት ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጅ ከወጣች፣ ጥቁር ከለበሰች ወይም ድምጿ ከአጥር ውጭ ከተሰማ እሷም የአብዮቱ ጠላት ትባላለች። እኔ ያኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አያቴ በሞተች ጊዜ ለቅሶ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፤ ድንኳኑን፣ የእድሩን አግዳሚ ወንበር፣ ንፍሮውን፣ ደረታቸውን የሚደቁ ሴቶችን፣ ካርታ እየተጫወቱ የሚያነጉ ወንዶችን። ስለዚህ በእኛ ቤት ምን እንደጎደለ ለማወቅ አስረጂ አላስፈለገኝም።

ታላቅ ወንድሜን «ጋሼ» ነበር የምለው። የእድገት በኅብረት ዘመቻ በ1967 ሲጀመር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ወደ 60 ሺህ ከሚጠጉት ዘማቾች ጋር ካኪውን ለብሶ ወደ አርሲ ሄደ፤ ገበሬ ፊደል አስቆጥሮ፣ ጺም አብቅሎ፣ መጽሐፍ ተሸክሞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የት እንደሚያመሽ ለአባባ አይናገርም። አባባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ልብስ ይሰፉ ነበር። ስለ ፖለቲካ የሚያውቁት ደንበኞቻቸው የሚያወሩትን ያህል ቢሆንም ልጃቸው ምን ውስጥ እንደገባ ገብቷቸዋል። በ1969 መጋቢት ቤት ለቤት አሰሳ ሲታወጅ እማዬ ምጣዷን ጥዳ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እየማገደች እንጀራ ጋገረችባቸው። በወሩ የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ንግግር ሲያደርጉ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሰባበሩ። ያን ንግግር በሬዲዮ የሰማነው ሁላችንም በአንድ ክፍል ተቀምጠን ነው። አባባ ሲያልቅ ሬዲዮውን ዘግተው «በል ከእንግዲህ አታምሽ» አሉት። ሌላ ምንም አላሉም።

የወሰዱት ኅዳር 1970 ነው። ሰዓት እላፊ ከገባ በኋላ አብዮት ጥበቃዎች መጡ። ከመካከላቸው አንዱ አባባ የሠርግ ሱሪውን የሰፉለት የሰፈር ልጅ ነበር። «ለጥያቄ ነው፣ ይመለሳል» አላቸው፤ ዓይናቸውን ግን አላየም። ከማግስቱ ጀምሮ እማዬ ስንቅ ማመላለስ ጀመረች። ያኔ የእስረኛ ቤተሰብ ዜና የሚያገኘው በምሳ ዕቃ ነው። ዕቃው ባዶውን ከተመለሰ ልጁ አለ ማለት ነው። እማዬ ከበር ላይ ተቀብላው ስትመጣ ገና ከሩቅ እየነቀነቀችው ድምፁን ታዳምጣለች።

የካቲት ላይ አንድ ቀን ምሳ ዕቃው እንደሞላ ተመለሰ። ከላዩ የጋሼ ጃኬት ተጣጥፎ ተቀምጧል። «ተዛውሯል» አላት ጠባቂው። ወዴት? አያውቅም። መቼ? አያውቅም። «ስንቅ አታምጪ» ግን አለ። በዚያ ዘመን ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ ከተማው በሙሉ ያውቃል። ነገር ግን «ሞቷል» የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። ስሙም በሬዲዮ «እርምጃ ተወሰደባቸው» ከተባሉት ጋር አልተጠራም፤ እኛ ከፍርሃት የተነሣ ዜናው እስኪያልቅ ምግብ አንቀርብም ነበር። ለእማዬ ይህች ቀዳዳ በቃቻት። ስንት ልጅ በሱዳን በኩል ሾልኮ የለም? ስንቱ ወደ ኢሕአፓ ጦር ሰፈር ወደ አሲምባ ገብቶ የለም? ደግሞም የእሱን ሬሳ አላየችም። ሬሳ ያላየችው ሳትፈልግ ቀርታ አይደለም። ገና ጎህ ሲቀድ የገበያ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ትወጣለች። በየመንገዱ ዳር ደረታቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎባቸው የተጣሉትን ልጆች እያለፈች ታያለች። መቆም ያስጠረጥራል፤ ስለዚህ እየተራመደች ነው የምታየው። ስትመለስ ዘንቢሏ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ቲማቲም ወይም ቃሪያ አለ፣ ለጠየቃት እንዲሆን።

የሚያጽናና ሰው መምጣት አይችልም ነበር፤ ሰው ግን መጣ። ይህን ነው በሕይወቴ ሙሉ ስናገረው የማልጠግበው።

መጀመሪያ የመጡት ጠላ የሚሸጡት ጎረቤታችን ናቸው። እኔ «እትዬ» እላቸዋለሁ። ወንፊት ልዋስ ብለው ገቡ። ጠላ ሻጭ ወንፊት አይቸግራትም። ወንፊቱን ተቀብለው ማዕድ ቤት ገቡና ከእማዬ ጎን ዱካ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ከጓሮ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቆርጠው አምጥተው እሳቱ ላይ ከመሩት። ማዕድ ቤቱ በአንድ አፍታ በጭስ ታፈነ። «እንግዲህ አልቅሺ፣ የጠየቀ ካለ ጭሱ ነው» አሏት። ሁለቱም ድምፅ ሳያወጡ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጨብጠው አለቀሱ። እኔም በሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። በማግስቱ ሌላዋ ጎረቤት ከእኛ ያልተዋሰችውን ሰፌድ «ልመልስ» ብላ መጣች። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሴት። አብረው አይመጡም፤ ከሦስት በላይ ሰው ከተሰበሰበ «ስብሰባ ነው» ይባላል። ማን በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ግን የሆነ ቦታ ተነጋግረው ነበር፤ አንድም ቀን ሁለት ሴቶች በራችን ላይ ተገናኝተው አያውቁም።

ወንዶቹ ወደ አባባ ሱቅ ይሄዱ ነበር። ያልተቀደደ ሱሪ ይዘው ይገባሉ። «እስቲ ይችን ጠበቅ አድርጉልኝ» ይላሉ። አባባ ሱሪውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አይተው፣ የሌለውን ቀዳዳ እንደሚፈልጉ ሆነው መኪናቸውን ያዞራሉ። እንግዳው አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ስለ ዝናብ ይወራል፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ይወራል። ሲነሣ ከሚገባው በላይ ከፍሎ ይሄዳል፤ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ማለት ስለማይችል «በርቱ እንግዲህ» ይላል። የእድራችን ዳኛ በየወሩ መዋጮውን ራሳቸው እየመጡ ይቀበሉ ጀመር። ቀድሞ የምንወስድላቸው እኛ ነበርን።

አባባ አንድ ሌሊት ለእማዬ ሁለት ቀሚሶቿን ይዛ እንድትመጣ ነገሯት። በበነጋው ቀሚሶቹ እንደነበሩ ተመለሱ፤ አንዱ አረንጓዴ ነው፣ አንዱ ቡናማ። ሲገለበጡ ግን ገበራቸው ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነበር። እማዬ ለብሳቸው ቀበሌ ሸቀጥ ልትሰለፍ ሄደች፤ ከሊቀመንበሩ ጋር ሰላም ተባባለች። በሥጋዋ ላይ ያረፈው ጥቁር መሆኑን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን።

የማይሆንላት ነገር አንድ ነበር፤ ጸሎቱ። የነፍስ አባታችን ማታ መጥተው በቀስታ «ፍትሐት ላድርግለት? የክርስትና ስሙን እንጂ ሌላ አልጠራም፤ ካድሬ የክርስትና ስም ከየት ያውቃል» አሏት። ይህን ሲያደርጉ የእኛ ቤት የመጀመሪያቸው እንዳልነበር ዛሬ ይገባኛል። እማዬ ግን እምቢ አለች። «ሞቷል ያለኝ የለም። ላልሞተ ሰው ፍትሐት አድርጌ በገዛ አፌ ልግደለው?» አባ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥለውም በቅዳሴው ውስጥ ለሕሙማን የሚጸለይበት እንዳለ ሁሉ ለመንገደኞችም የሚጸለይበት ቦታ እንዳለ ነገሯት። «እንግዲያው ከመንገደኞች ጋር አስበዋለሁ። የት እንደደረሰ እሱ ያውቃል» አሉ። እማዬ ተስማማች። እሑድ እሑድ ቅዳሴው እዚያ ጋ ሲደርስ እጄን ትይዘኝ ነበር። ጋሼ በዚያ ጸሎት ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ተጓዘ።

አባባ በ1974 በጨጓራ ሕመም ሞቱ። የሳቸውን ሞት ማንም አልከለከለንም። ድንኳን ተተከለ፣ ጡሩንባ ተነፋ፣ እድሩ ሰሐንና ወንበሩን አወጣ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ያለ ለቅሶ አላየሁም። አንድ ልብስ ሰፊ ሞቶ ያን ያህል ሰው አይመጣም። ከሌላ ሰፈር፣ ከማናውቀው ቀበሌ ሴቶች መጡ፤ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ገና ሲደርሱ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። አልቃሿ ስለ አባባ ግጥም ስታወርድ «መርፌው ተሰበረ» አለች፤ ቀጥላ ደግሞ «ክሩ የት ገባ፣ ክሩን ማን አየ» ብላ ጠየቀች። ያን ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ የሆነውን ልነግራችሁ አልችልም። የቀበሌው ሊቀመንበርም ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ አየና እሱም መሐረቡን አወጣ። ስለ ማን እንዳለቀሰ አላውቅም። እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷን ስትመታ ያየኋት በዚያ ቀን ነው። ጥቁሯንም ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ ለበሰች።

ያን ለቅሶ ሳስብ በከተማው ስንት ድንኳን ውስጥ እንዲህ በአንዱ ሬሳ ላይ ሌላው ሲለቀስ እንደኖረ ይታየኛል። ሰው የታፈነ እንባ ይዞ ስለሚኖር የተፈቀደ ለቅሶ ሲያገኝ ይሄድበት ነበር። ከአባባ ቀብር በኋላ እማዬ በርግጥ ቀለል አላት። እንቅልፍ ተኛች። ፈትል ጀመረች፤ የፈተለችውን ለሽሮሜዳ ሸማኔዎች እየሸጠች እኔን እስከ መምህራን ማሠልጠኛ አደረሰችኝ። ግን እርሟን አላወጣችም። የጋሼ አልጋ በየሳምንቱ አንሶላው ይለወጣል።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ደርግ ወደቀ። ለብዙ ሰው ያ ዓመት የእፎይታ ነው፤ ለእማዬ ግን ከሁሉ የከፋው ነበር። በየእስር ቤቱ የነበሩት ወጡ፣ የጠፉ ልጆች ከሱዳንና ከአሜሪካ ብቅ ማለት ጀመሩ። በየሰፈሩ «የእገሌ ልጅ መጣ» ይባላል። እማዬ ክረምቱን ሙሉ በር ላይ ተቀመጠች። መኪና ባለፈ ቁጥር ትነሣለች። ይህን ያህል ዓመት የተሸከመችው ተስፋ ያን ክረምት ነው ሊገድላት የደረሰው።

በ1984 የጅምላ መቃብሮቹ መቆፈር ጀመሩ። የካቲት ላይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ አጽም ራሱ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከወለል ሥር ወጣ። በቴሌቪዥን የምናየው ግን ስም የሌለውን አጥንት ነው፤ የተጠላለፈ፣ አፈር የለበሰ፣ ከመካከሉ ጫማ፣ ቀበቶ፣ የሹራብ ቁራጭ። ቤተሰቦች በልብስ ይለያሉ። እማዬ ቴሌቪዥኑ ሥር ጠጋ ብላ ጫማ ጫማውን ታይ ነበር። የጋሼን ጫማ አላገኘችም። ማንም አላገኘውም፤ እስከ ዛሬም አልተገኘም።

በዚያው ዓመት አንድ ሰው ወደ ትምህርት ቤቴ መጣ። ከጋሼ ጋር በአንድ ክፍል ታስሮ የነበረ ነው። ሲፈታ ያየውን ቢናገር እንደሚመለስ አስፈራርተውት ነበርና አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በሰፈራችን ሳያልፍ ኖሯል። ሌሊት ስማቸው ተጠርቶ ከወጡት መካከል ጋሼ እንደነበረ፣ ከመውጣቱ በፊት ጃኬቱን አውልቆ አጣጥፎ «ይህን ለእማዬ ስጡልኝ» እንዳለ ነገረኝ። እኛ ጃኬቱን እነሱ የመለሱት ነበር የመሰለን። «ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። «ሁላችንም እናውቅ ነበር» አለ።

ለእማዬ እንዴት እንደምነግራት ሳምንት ተጨነቅሁ። ግን ሰው ሲደብቅ ታውቃለች፤ ቀደመችኝ። ያለችውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «አንቺ እንዳትነግሪኝ። እስከ ዛሬ ማንም ሞቷል ያለኝ የለም። አሁን የሚነገረኝ ከሆነ እንደ ሰው ልጅ ይነገረኝ። ሽማግሌ ይምጣ፣ ጎረቤት ይምጣ፣ በማለዳ ይምጣ።» መርዶዋን ጠየቀች ማለት ነው። እኔ ከእንግዲህ ይህ ሁሉ ሥርዓት ምን ያደርጋል፣ ሁላችንም እናውቀዋለን ብዬ ልከራከር ፈለግሁ። እትዬ ናቸው ያስቆሙኝ። «አንቺ ልጅ፣ የተነጠቀችውን ሁሉ ልትቀበል ነው፤ ከመጀመሪያው ትጀምር እንጂ» አሉ።

እናም ሌሊቱ ሳይነጋ፣ በ1970 ሊሆን በሚገባው መልኩ፣ በራችን ተንኳኳ። የእድሩ ዳኛ፣ የነፍስ አባታችን፣ ያ ሰውዬ፣ እትዬ፣ ያኔ ሰፌድ ልመልስ ያለችው ሴት፣ አጥሩን ሞልተው የቆሙ ጎረቤቶች። እማዬ ልብሷን ለብሳ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ያ ሰውዬ ጉልበቷ ሥር ተቀምጦ ነገራት። ስለ ጃኬቱ ሲነግራት ጮኸች። ሰፈሩ በሙሉ አብሯት ጮኸ። አጥር ለአጥር ተያይዞ የሄደውን ድምፅ አልረሳውም፤ ብዙዎቹ ቤቶች የራሳቸው ጋሼ ነበራቸው።

ድንኳኑ ሊተከል ሲል ደንብ ጠያቂ ተነሣ። እድሩ ሬሳና ቀብር በሌለበት ድንኳን አውጥቶ አያውቅም፤ ልጁም ከሞተ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። የእድሩ ጸሐፊ ሳይናገር የድሮውን መዝገብ ከፍቶ አስቀመጠ። በቤተሰባችን ገጽ ላይ የአባባ ስም በቀይ ተሰርዟል። የጋሼ ስም ግን በ1970 እንደተጻፈው ነው፤ አልተሰረዘም። ቀበሌ «የፀረ አብዮተኞችን ስም አጥፉ» ብሎ ሲያዝዝ ዳኛው ሌላ መዝገብ ገልብጠው አሳይተው፣ ይኸኛውን ቤታቸው ደብቀው ኖረዋል። «መዝገባችን ላይ ያለ አባል ነው የሞተው» አሉ ዳኛው። ለልጅ የሚከፈለው ገንዘብ በድሮው ደንብ ተሰልቶ ተከፈለ። ብሩ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ በታች ነበር፤ እማዬ ግን እንደዚያ ብር የከበደ ገንዘብ ተቀብላ የምታውቅ አይመስለኝም።

ከዚያ ሁሉም በተራው መጣ። ፎቶውንና ጃኬቱን ይዘን ተለቀሰ። ሰልስት ተደረገ። አባ የክርስትና ስሙን ከመንገደኞች ጸሎት አንሥተው ፍትሐት አደረጉለት። አርባው ወጣ፤ ዳቦና ጠላ ለነዳያን ተሰጠ። እማዬ ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ለበሰች፣ በቀሚሱ በውጭ በኩል። ሙት ዓመቱ ሲያልፍ አረንጓዴውን ቀሚስ አምጥታ በምላጭ የአባባን ስፌት ፈትታ ጥቁሩን ገበር አወጣችውና «እንዴት ያለ ጥብቅ ስፌት ነው!» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ሰማኋት።

ጠንካራ ሴት ናት ይሏታል። ጥንካሬ የሚሉት ነገር ግን መጀመሪያ እንደሌላት፣ የመጣላትም በዚህ በተራ ነገር ውስጥ ስታልፍ እንደሆነ አይቻለሁ። መንግሥት የነጠቃት ልጇን ብቻ ሳይሆን የምትሠራውንም ሥራ ነበር። ሐዘንተኛ ሥራ አለው፤ ይነገረዋል፣ ይጮኻል፣ ይቀብራል፣ ንፍሮ ይቀምሳል፣ ሰው ይቀበላል፣ አርባ ያወጣል፣ ልብስ ይቀይራል። አንዱን ሲጨርስ ሌላው ይጠብቀዋል፤ በዚያ መሐል ቀናት ያልፋሉ፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል፣ እግር መሬት ይይዛል። እማዬ ይህን ሥራ አንዱንም ሳትዘል ሠራችው። ቅደም ተከተሉን ያጠበቀችው ለዚህ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ።

ፍርዱም በበኩሉ መጣ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1984 ተቋቁሞ ከ5 ሺህ በላይ ሰዎችን ከሰሰ። ዋናው ችሎት ታኅሣሥ 1987 ተከፈተ፤ ፍርዱ የተሰጠው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሐራሬ ተቀምጠው በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ። እማዬ መጀመሪያ ላይ ችሎት ትሄድ ነበር። ቀጠሮው ሲበዛ ጉልበቷም ሲደክም ተወችው። ፍርዱን ስነግራት «ደግ አደረጉ» ብላ እንዝርቷን አዞረች። ሕግ መኖሩ ያስደስታታል፤ ነገር ግን ከ1984ቱ ድንኳን ያገኘችውን ከዚያ አልጠበቀችም። የካቲት 2002 የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም መስቀል አደባባይ ሲከፈት ግን ልሂድ አለች። ግድግዳውን በሞሉት ፎቶዎች ፊት ለፊት ቆማ እያንዳንዱን በእጇ ጠቆመች። «ይኼ የማን ልጅ ነው? ይቺስ?» እያለች፣ አስጎብኚው እስኪሰለች። አንዲትም ፎቶ ሳትጠይቅ አላለፈችም።

በዓመቱ የሃይማኖት አባቶች ሽምግልና ገብተው በኋላ ሞት የተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ሲለወጥ የሰፈር ሰው ሐሳቧን ጠየቃት። እማዬ ምንም አልተቆጣችም። «ይቅር በዪ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፤ ይቅር በዪኝ ያለኝ ግን የለም» አለች። ያ የሠርግ ሱሪውን አባባ የሰፉለት ልጅ በሕይወት አለ፤ ሸምግሎ፣ ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ ይኖራል። ሚስቱ ስትሞት እማዬ ለቅሶ ሄደች፤ ንፍሮም ቀመሰች። «ይቅር አልሽው?» ብዬ ስጠይቃት «ለቅሶ ነው የደረስኩት፤ ሌላውን እሱ ይምጣበት» አለችኝ። እስከ ሞተችበት ድረስ አልመጣም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታቷ ሰፈሩ መርዶ ሲኖረው የሚጠራት እሷን ነበር። ከአረብ አገር አስከሬን ሲመጣ፣ ከመኪና አደጋ ወሬ ሲሰማ፣ «እናቷ ዘንድ ማን ይግባ» ሲባል እማዬ ነጠላዋን ታነሣለች። ገብታ ታቅፋለች፣ በቀጥታ ትናገራለች፣ ከዚያ ሳትነሣ ትውላለች። ራሷ ስትሞት አዝኛለሁ፤ ግን ሬሳዋን አጥቤ፣ ቀብሬ፣ ሰው መጥቶልኝ፣ እስኪበቃኝ አልቅሼ ነው ያዘንኩት። ያ ሐዘን የቤቱን ሌላ ሐዘን አልመሰለም።

እኔ ዛሬ የዚያው እድር ጸሐፊ ነኝ። መዝገቡ በእጄ ነው። ባለፈው ጊዜ አንዲት አባላችን መጣች። ልጇ በሊቢያ በኩል ወደ ጣሊያን ሊሻገር ጀልባ ተሳፍሯል፤ አብሮት የነበረ ልጅ ደውሎ «ጀልባዋ ሰጥማለች» ብሏል። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለም። ደንባችን የቀብር ማስረጃ ይጠይቃል። ባሕር ማስረጃ አይሰጥም። ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤ አቀረብኩ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። አንዳንዱ የእድሩን ገንዘብ አሰበ፤ ሌላው «የልጁን ሞት እኛ እንዴት እናውጅ» አለ፣ እሱም እውነት አለው። በመጨረሻ ሁለት አንቀጽ ጨመርን። አስከሬኑ ያልተገኘ አባል ቤተሰብ መርዶውን ራሱ ሲጠይቅ ሽማግሌዎች በማለዳ ሄደው ይነግሩታል፤ ድንኳን ይተከላል፣ ገንዘቡም ያለ ማስረጃ ይከፈላል። እስኪጠይቅ ድረስ ግን አባላት ቤቱን በተራ ይጎበኙታል፣ ባዶ እጃቸውንም አይሄዱም።

«ልጁ ድንገት ቢመጣስ? ገንዘቡ ይመለሳል?» ብሎ አንድ አባል ጠየቀ። ሊቀመንበራችን መነጽራቸውን አውልቀው «ቢመጣማ ድንኳኑን ሳናነሣ ሠርጉን እንደግስበታለን» አሉ። ጉባኤው ሳቀ፤ ከመካከላችን ሁለት ሦስት ሴቶች ሲስቁ እንባቸውን ጠረጉ። አንቀጾቹ ያለ ተቃውሞ ጸደቁ።

ያቺ እናት እስካሁን መርዶውን አልጠየቀችም። እኛም አላጣደፍናትም። የጉብኝቱን ተራ የማወጣው እኔ ነኝ፤ በዚህ ሳምንት የሚሄዱት ሁለት ወጣት ሴቶች ናቸው፣ ከዚህ በፊት ሐዘንተኛ ቤት ለብቻቸው ገብተው አያውቁም። ምን እንደሚሉ ጠየቁኝ። «ምንም አትበሉ፤ ቡና ይዛችሁ ሂዱ፣ አፍሉላት፣ ልጇን በስሙ ጥሩት፣ ልታወራ ከፈለገች ስሙ፤ ሳትሰናበቱ በፊት ቀጥሎ የሚመጣው ማን እንደሆነ ንገሯት» አልኳቸው።